ሩቅ አገር የተጣለ ማዕቀብ ቃሊቲ ላይ ምን ይመስላል?

ቃሊቲ፦ ከጅቡቲ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ የተነሣ ከባድ ተሽከርካሪ ጋላፊን ተሻግሮ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በአዋሽና በአዳማ በኩል ወደ መዲናዋ ሲቃረብ ከሚያርፍባቸው ስፍራዎች አንዱ የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነው። ደረቅ ወደቡ፣ የጉምሩክ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ፣ መጋዘኖቹና የብረታ ብረት ፋብሪካዎቹ በዚሁ አካባቢ ይገኛሉ። አሽከርካሪው ሞተሩን አጥፍቶ ሲወርድ የትራንዚተሩ ሥራ ይጀምራል። ኢንቮይሱ፣ የመርከብ ጭነት ሰነዱ፣ የማሸጊያ ዝርዝሩ፣ የስሪት አገር የምስክር ወረቀቱና የባንክ ፈቃዱ ተሟልተው መቅረብ አለባቸው። ከመካከላቸው አንዱ ቢጎድል ወይም አንዱ ከሌላው ጋር ባይስማማ ዕቃው ይቆማል።

እነዚህ ወረቀቶች ተራ የቢሮ ወረቀቶች ቢመስሉም የዓለም ኃያላን ጠብ የሚነበበው በእነርሱ ላይ ነው። ዕቃው የት ተመረተ? ሻጩ ማን ነው? የጫነችው መርከብ የማን ናት? ከየትኛው ወደብ ተነሣች? ክፍያው በየትኛው ባንክ በኩል አለፈ? ዋሽንግተን፣ ብራስልስ ወይም ኒውዮርክ ላይ የተወሰነ ማዕቀብ ኢትዮጵያን በስም ባይጠራም እንኳ ከእነዚህ ጥያቄዎች በአንዱ በኩል ገብቶ ቃሊቲ ይደርሳል። ሲደርስም በክልከላ መልክ አይመጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በመዘግየት መልክ ነው። የመዘግየቱን ዋጋ ደግሞ በመጨረሻ የሚከፍሉት ማዳበሪያ የሚጠብቀው አርሶ አደርና ዘይት፣ መድኃኒት ወይም የወፍጮ መለዋወጫ የሚገዛው የከተማ ነዋሪ ናቸው።

የዶላሩ መንገድ

ማዕቀብ በሩቅ አገር ነጋዴ ላይ እንዴት ሊደርስ እንደሚችል ለመረዳት የገንዘቡን መንገድ መከተል ይበጃል። አንድ የአዲስ አበባ አስመጪ ከሕንድ ወይም ከሞሮኮ ዕቃ ሲገዛ የክፍያ ሰነዱን፣ ማለትም ኤል ሲውን፣ የሚከፍትለት የአገር ውስጥ ባንክ ነው። ይሁንና ክፍያው በዶላር ሲሆን ገንዘቡ በአብዛኛው በአሜሪካ ባንኮች ሥርዓት ውስጥ ያልፋል። የአገር ውስጡ ባንክ ይህን የሚፈጽመው ኮረስፖንደንት በሚባል የውጭ አጋር ባንክ አማካኝነት ነው። ስለዚህ ገዢው ኢትዮጵያዊ፣ ሻጩ ሕንዳዊ ቢሆንም ግብይቱ የአሜሪካን ሕግ በር ያንኳኳል።

በዚያ በር ላይ የሚጠብቀው የአሜሪካ ግምጃ ቤት የውጭ ሀብት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት፣ በአጭሩ ኦፋክ፣ የሚያወጣው የስም ዝርዝር ነው። ባንኩ የገዢውን፣ የሻጩን፣ የመርከቧንና የወደቡን ስም ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል። የጽሕፈት ቤቱ መደበኛ ደንብ ደግሞ ከዝርዝሩም አልፎ ይሄዳል፤ በስም ዝርዝሩ የገቡ ሰዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ የያዙበት ድርጅት ስሙ ባይጻፍም እንኳ እንደ ታገደ ይቆጠራል።

በዚህ ማመሳከሪያ ላይ የኢትዮጵያውያን ስም የራሱ ችግር አለው። የአባት ስምን ተከትሎ የሚሄደው አጠራራችን የቤተሰብ ስም የለውም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም በፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት፣ በንግድ ፈቃድ ላይ ሌላ ዓይነት፣ በኢንቮይስ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ማሽኑ ልዩነቱን ወይም ከሌላ ሰው ጋር ያለውን መመሳሰል ሲያይ ክፍያውን ያቆማል። ጥፋት የሌለበት ነጋዴ «ማብራሪያ አቅርብ» ተብሎ ቀናት ወይም ሳምንታት ሊጠብቅ ይችላል፤ ኮንቴይነሩ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደብ ላይ ዲመሬጅ የሚባለውን የመዘግየት ክፍያ ይቆጥራል።

ባንኮች እንዲህ የሚጠነቀቁት ቅጣቱ ከባድ ስለሆነ ነው። ኢትዮጵያም ጉዳዩን በራሷ ላይ አይታዋለች። የገንዘብ ወንጀሎችን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል ከየካቲት 2009 እስከ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ድረስ አገሪቱን ጥብቅ ክትትል በሚደረግባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷት ነበር። በእንዲህ ዓይነት ዝርዝር ውስጥ ያለች አገር ባንክ የሚልከው እያንዳንዱ ክፍያ ተጨማሪ ዓይን ያርፍበታል።

2014 ዓ.ም.፦ በስም የተጠራንበት ዓመት

በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ጉዳዩ ከሩቅ ወሬነት አልፎ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ቁጥር 14046 የተባለውን ትእዛዝ ፈረሙ። ትእዛዙ ከግጭቱ ጋር ግንኙነት አላቸው በተባሉ ግለሰቦችና ተቋማት ላይ ማዕቀብ ለመጣል የሚያስችል ነበር። ኅዳር 3 ቀን 2014 ዓ.ም. በትእዛዙ መሠረት ይፋ በተደረገው ዝርዝር የተካተቱት የኤርትራ መከላከያ ሠራዊት፣ የአገሪቱ ገዢ ፓርቲና ከእነርሱ ጋር የተያያዙ ሁለት ድርጅቶችና ሁለት ግለሰቦች ነበሩ።

የትእዛዙ አዘጋጆች ተራው ሕዝብ እንዳይጎዳ በማሰብ ሁለት ጥንቃቄዎች አድርገው ነበር። አንደኛ፣ ከላይ የተጠቀሰው የ50 በመቶ ደንብ በዚህ ትእዛዝ ሥር በቀጥታ እንዳይሠራ ደነገጉ። ሁለተኛ፣ ለሰብዓዊ እርዳታና ለመሰል ሥራዎች አጠቃላይ ፈቃዶችን ከትእዛዙ ጋር አብረው አወጡ። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ነገር ግን በሌላ አህጉር ተቀምጦ በቀን እልፍ ክፍያ የሚያስተናግድ የባንክ ሠራተኛ የትእዛዙን ዝርዝር አንቀጽ ከማንበብ ይልቅ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል አይቶ ፋይሉን ወደ ጎን ማድረግ ይቀለዋል። ለእርሱ መዘግየቱ አያስከፍለውም፤ መሳሳቱ ግን ያስከፍለዋል።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 ቀን ሌላ ውሳኔ ተግባራዊ ሆነ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ አገሮች ምርቶቻቸውን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ገበያ እንዲያስገቡ ከሚፈቅደው የአጎዋ ዕድል ወጣች። ይህ ማዕቀብ አይደለም፤ የተሰጠ ዕድልን መንጠቅ ነው። ውጤቱ ግን በሐዋሳና በሌሎች የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልብስ በሚሰፉ ወጣት ሴቶች ገቢ ላይ ደረሰ። በጦርነቱ ውሳኔ ውስጥ እጃቸው ያልነበረበት ሰዎች የውሳኔው ዋጋ ከፋዮች ሆኑ።

በወረቀት ነፃ፣ በተግባር የታሰረ

በማዕቀብና በንግድ መካከል ያለውን ክፍተት ከምንም በላይ ያሳየው የማዳበሪያ ጉዳይ ነው። የጎጃም ወይም የወሎ አርሶ አደር የሚጠቀመው ማዳበሪያ ሁሉ በቃሊቲ በኩል አያልፍም። ሆኖም የቃሊቲው ኮንቴይነር ያለፈበትን ባሕር፣ ባንክና ኢንሹራንስ እርሱም ያልፍበታል።

ሩሲያ የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. በዩክሬን ላይ ጦርነት ስትከፍት ምዕራባውያን ከባድ ማዕቀብ ጣሉባት። ከዓለም ዋነኛ የማዳበሪያና የስንዴ ላኪዎች አንዷ ስለሆነች አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት እህልና ማዳበሪያ ከማዕቀቡ ነፃ መሆናቸውን አስታወቁ። የአሜሪካ ግምጃ ቤት ለእርሻ ምርቶችና ለማዳበሪያ የተለየ አጠቃላይ ፈቃድ ሰጠ። ሐምሌ 15 ቀን 2014 ዓ.ም. በኢስታንቡል የጥቁር ባሕር የእህል ስምምነት ሲፈረም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሩሲያ ማዳበሪያ ያለ እንቅፋት እንዲወጣ ለማገዝ የሚያስችል የመግባቢያ ሰነድም አብሮ ተፈረመ። ስምምነቱ ለኢትዮጵያም ፍሬ አፍርቷል፤ ብሬቭ ኮማንደር የተሰኘችው መርከብ 23 ሺሕ ቶን የዩክሬን ስንዴ ለኢትዮጵያ ተረጂዎች ይዛ ነሐሴ 24 ቀን ጅቡቲ ደርሳለች።

ማዳበሪያው ግን እንደ ስንዴው አልቀለለውም። ዕቃው ነፃ ቢሆንም የዕቃው ባለቤት፣ ክፍያ የሚቀበለው ባንክና ኢንሹራንስ የሚሰጠው ድርጅት በማዕቀቡ ጥላ ሥር ነበሩ። ኡራልኬም የተባለው የሩሲያ ድርጅት ለአፍሪካ በእርዳታ ለመስጠት ቃል የገባው 260 ሺሕ ቶን ያህል ማዳበሪያ በአውሮፓ ወደቦችና መጋዘኖች ተይዞ ቆየ። የመጀመሪያው 20 ሺሕ ቶን ከኔዘርላንድስ የተንቀሳቀሰው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሲሆን መድረሻው እንደ ኢትዮጵያ ወደብ የሌላት ማላዊ ነበረች። በሞዛምቢክ ቤይራ ወደብ በኩል አልፎ ለማላዊ ሲደርስ ዋነኛው የዝናብ ወቅት እያለቀ ነበር። በነፃ የተሰጠ፣ ከማዕቀብ ነፃ የተባለ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያገዘው ዕቃ እንኳ ይህን ያህል ከተጓተተ፣ ነጋዴ ገንዘቡን አውጥቶ የገዛው ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ሩሲያ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ከስምምነቱ ስትወጣ ካቀረበቻቸው ቅሬታዎች አንዱም የእርሻ ባንኳ ስዊፍት ወደሚባለው የዓለም የክፍያ መልእክት ሥርዓት አለመመለሱ ነበር።

ገበያውም የራሱን ቁጥር ተናገረ። እ.አ.አ. በ2020 አማካይ ዋጋው በቶን 230 ዶላር ገደማ የነበረው ዩሪያ በሚያዝያ 2022 ከ900 ዶላር አልፎ ነበር። ለጭማሪው የጋዝ ዋጋ መናርና የቻይና የወጪ ንግድ ገደብም ምክንያት ናቸው፤ ጦርነቱና በማዕቀቡ ዙሪያ የነገሠው ፍርሃት ግን እሳቱን አባብሰውታል።

የቀይ ባሕር ተጨማሪ ሂሳብ

ሁለተኛው ማዕበል የመጣው ከቅርብ ነው። የየመን ሁቲዎች ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ከያዙ ወዲህ በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ የሚያልፉ መርከቦች የጥቃት ዒላማ ሆኑ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመታችውና ኋላም የሰጠመችው ሩቢማር 21 ሺሕ ቶን ያህል ማዳበሪያ ጭና ነበር። ጭነቱ የኢትዮጵያ ባይሆንም ባሕሩ የኢትዮጵያ ጭነት የሚያልፍበት ነው።

ጅቡቲ የምትገኘው ከባብ ኤል መንደብ በስተ ደቡብ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው። ከእስያ የሚመጣ ዕቃ ጠባቡን መተላለፊያ ሳይሻገር ሊደርስ ይችላል። ከአውሮፓ፣ ከጥቁር ባሕርና ለበርካታ ዓመታት የኤንፒኤስ ማዳበሪያ ዋነኛ ምንጭ ከሆነችው ሞሮኮ የሚመጣው ግን ወይ በስዊዝና በቀይ ባሕር ያልፋል ወይ አፍሪካን በደቡብ በኩል ይዞራል። ታላላቅ የኮንቴይነር መርከብ ድርጅቶች ሁለተኛውን መንገድ ሲመርጡ ጉዞው ረዘመ። በባሕሩ ለማለፍ የደፈሩት ደግሞ የጦርነት ኢንሹራንስ ክፍያቸው በከፋው ወቅት ወደ መርከቧ ዋጋ 1 በመቶ ተጠጋ። 50 ሚሊዮን ዶላር ለምታወጣ መርከብ ይህ ለአንድ ጉዞ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው።

ይህ ጭማሪ ቃሊቲ ሲደርስ ይባዛል። በኢትዮጵያ የጉምሩክ ሕግ መሠረት ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው የግዢ ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪ ተደምሮበት ነው። ለምሳሌ ያህል 1,000 ብር የተገዛና 100 ብር የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪ ያለበት፣ 20 በመቶ ቀረጥ የሚከፈልበት መለዋወጫ ይወሰድ። ቀረጡ 220 ብር፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ 198 ብር ሲሆን ድምሩ 1,518 ብር ይሆናል። የማጓጓዣና የኢንሹራንሱ ወጪ ወደ 200 ብር ቢያድግ ቀረጡ 240፣ ታክሱ 216፣ ድምሩም 1,656 ብር ይሆናል። ባሕር ላይ የተጨመረው 100 ብር መጋዘን ሲደርስ 138 ብር ሆኗል፤ የሌሎች ግብሮችና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተደመሩም።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ጉዳይ አለ። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዶላር የሚከፈል እያንዳንዱ የመዘግየት ቀን በብር ሲቆጠር በእጥፍ ሊጠጋ ደረሰ ማለት ነው። በሌላ በኩል በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ታግደው የነበሩት 38 የዕቃ ዓይነቶች በዚሁ ማሻሻያ ተፈቅደዋል። አንዱ በር ሲከፈት የመግቢያው ዋጋ ከፍ ብሏል።

ትምህርቱ አዲስ አይደለም

ኢትዮጵያ ማዕቀብን ከማንም ቀድማ ታውቀዋለች። ፋሺስት ኢጣሊያ ስትወራት የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኅዳር 1928 ዓ.ም. በወራሪዋ ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ። ነገር ግን ለጦርነቱ ዋነኛ የሆኑት ነዳጅ፣ ከሰልና ብረት በማዕቀቡ አልተካተቱም፤ የስዊዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች ክፍት ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በሁለቱም ወገኖች ላይ የነበረው የጦር መሣሪያ ክልከላ ደግሞ በእኩል ዓይን የተጣለ ቢመስልም፣ መሣሪያ የምታመርተውን ኢጣሊያን ሳይነካ መሣሪያ የምትገዛውን ኢትዮጵያን ጎዳ። ማዕቀቡ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ሲነሣ አዲስ አበባ በወራሪው እጅ ነበረች።

የቅርቡም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብን ይጠቀም የነበረው የኢትዮጵያ ንግድ በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገሪቱ የባሕር ንግድ በዚያች አንዲት ጎረቤት በኩል ያልፋል። አንድ በር ያለው ቤት በደጁ የሚነሣው አቧራ ሁሉ ይገባበታል።

ሁሉም ግን ከውጭ አይመጣም

ይህ ሲባል ለእያንዳንዱ መዘግየት ማዕቀብንና ቀይ ባሕርን ተጠያቂ ማድረግ ራስን ማታለል ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. የመኸር ወቅት የአማራ ክልል አርሶ አደሮች ማዳበሪያ አጥተው ቅሬታቸውን ይዘው እስከ ባሕር ዳር ድረስ መጥተዋል። የዓለም ዋጋ በዚያ ጊዜ ካለፈው ዓመት ጣሪያው ወርዶ ነበር። ግዢ ዘግይቶ መጀመሩ፣ የሥርጭት ሰንሰለቱ መላላትና ሕገ ወጥ ንግድ የውስጥ ችግሮች ናቸው፤ እነዚህን የሚፈታው ውጭ ያለ ኃይል አይደለም።

የውጭው ጫና እና የውስጡ ድክመት ግን አንዱ ሌላውን ያጎላዋል። በጥቅምት የታዘዘ ማዳበሪያ ባንክ ላይ አንድ ወር ቢቆም ለሰኔ ይደርሳል፤ በየካቲት የታዘዘው ተመሳሳይ መዘግየት ቢገጥመው ዘሩ ያለ ማዳበሪያ ይገባል። ቀድሞ ማዘዝ የዓለምን ጠብ አያስቀርም፤ ጠቡ የሚያስከትለውን መዘግየት ግን የሚችል ትከሻ ይሰጣል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ለአስመጪው የመጀመሪያው ጥበቃ የሰነዱ ንጽሕና ነው። በንግድ ፈቃዱ፣ በፓስፖርቱ፣ በኤል ሲውና በኢንቮይሱ ላይ ያለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የሻጩን ባለቤትነትና የመርከቧን ማንነት ገንዘብ ከመላኩ በፊት መጠየቅ፣ የስሪት አገር ማስረጃውንም ከጭነቱ በፊት ማየት ይገባል። ከገበያው እጅግ የረከሰ ዋጋ በሦስተኛ አገር ደላላ በኩል ሲቀርብ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ይታወስ፤ ርካሽነቱ ዕቃው ከታገደ ባለቤት የመጣ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ መንገድ ላይ ከታገደ ደግሞ ለማስለቀቅ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ለባንኮች የሚቀረው ሥራ ዝርዝር ማመሳከር ብቻ አይደለም። ከማዕቀብ ነፃ የተደረገ ዕቃ ነፃ የሆነበትን የፈቃድ ሰነድ ጠቅሰው ለአጋር ባንካቸው አስቀድመው ማስረዳት የሚችሉ ባለሙያዎች ያስፈልጓቸዋል። ነፃ የሚያደርገው አንቀጽ የሚሠራው ጠቅሶ የሚከራከርለት ሰው ሲኖር ነው።

በአገር ደረጃ ዘላቂው መፍትሔ በአንድ በርና በአንድ ሻጭ ላይ ጥገኛ አለመሆን ነው። ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የተፈረመው፣ በጎዴ የሚገነባውና በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ያመርታል የተባለው የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ዓላማው ይኸው ነው። ፋብሪካው ሲጠናቀቅ አርሶ አደሩን ከባሕሩ ስጋት በከፊል ያወጣዋል፤ ማሽኑና መለዋወጫው ግን አሁንም በዚያው ባሕር፣ በዚያው ባንክ በኩል ይመጣሉ። እስከዚያው ድረስ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ፍላጎታቸውን ቀድመው አሰባስበው ማሳወቃቸውና በየማሳው የሚዘጋጀው ኮምፖስት ጊዜ ይገዛሉ።

ማዕቀብ የሚጽፉ መንግሥታት ምግብና ማዳበሪያ ነፃ ናቸው ሲሉ ዋሽተው ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ነፃነቱ በባንክ፣ በኢንሹራንስና በመርከብ ድርጅት እጅ ካልተረጋገጠ የወረቀት ነፃነት ሆኖ ይቀራል። ትክክለኛው መለኪያ የትእዛዙ አንቀጽ አይደለም። ተሽከርካሪው ቃሊቲ ስንት ቀን ቆመ? ማዳበሪያው ከሰኔ በፊት መሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ገባ ወይስ አልገባም? መልሱ የሚገኘው እዚያ ነው።